እንዳይጣበቅ

"ይሄን ጓንት ዱቄት ውስጥ የነከረው ማነው?"

የሐኪሟ ጩኸት ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ወጥቶ ኮሪደሩን ሞላው። ጓንት አጣቢዋ ሴትዮ የልጇን ባለጎማ አልጋ ጫፍ ጨብጣ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ጥያቄው እሷን እንደሚመለከት ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። በዚህ ሆስፒታል ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ዳይሬክተሩ ድረስ "ፓውደር" እያሉ የሚጠሩት ሌላ ሰው የለማ።

እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏት ነበር። ልጇ ሆዷ ተነፍቶ፣ ውሃ ሳይቀር ስታስመልስ አድራ፣ አሁን ከፊቷ ተኝታ እያቃሰተች እንኳ፣ ከልቧ አንድ ጥግ ትንሽዬ ኩራት ብቅ አለች። ምን ታድርግ፣ ስለ ጓንቷ ተጠይቃ ከምስጋና ሌላ ሰምታ አታውቅም። ጡረታ የወጡት ሽማግሌው ሐኪም "የዚህችን ሴት ጓንት አንተ አታጠልቀውም፣ ራሱ ነው የሚያጠልቅህ" እያሉ ሰው ያስቁ ነበር። ፓውደር የሚለውን ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው።

"እኔ ነኝ ዶክተር!" አለች ፈጠን ብላ። "ምነው፣ አነሰ እንዴ? ልጨምርበት?"

ሐኪሟ በሩ ላይ ብቅ አለች። ወጣት ናት፣ ወደዚህ ሆስፒታል ከተዛወረች ብዙም አልቆየች። ሁለት እጇን ምንም እንዳይነካት ወደ ላይ ይዛለች፤ አረንጓዴው እጅጌዋ ላይ ነጭ ብናኝ ተበትኗል። አፍና አፍንጫዋ ስለተሸፈነ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው፣ እሱም ለምስጋና የመጣ አይመስልም።

"እትዬ፣ ዱቄት የሌለው ጓንት ይስጡኝ፣ ቶሎ።"

"ዱቄት የሌለው?"

"አዎ።"

"ዱቄት የሌለው ከየት ይመጣል ዶክተር? ካልተነሰነሰ እኮ ይጣበቃል!"

ሐኪሟ ትኩር ብላ አየቻት። የምትሰማው ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ለመለየት የቸገራት ትመስል ነበር።

"እሱን ነው የምልዎት" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "የሚያጣብቀው ዱቄቱ ነው።"

"ጓንቱን?"

"አንጀቱን።"

ሴትዮዋ ሳቅ ልትል ከንፈሯን ከፈተችና እንደተከፈተ ቀረ።

"ጊዜ የለንም፣ ባጭሩ ልንገርዎት" አለች ሐኪሟ። "ሆድ ሲከፈት ጓንቱ ላይ ያለው ዱቄት አንጀቱ ላይ ይራገፋል። ሆዱ ሲሰፋ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ሰውነት ደግሞ የማያውቀው ነገር ሲገባበት ዝም አይልም፤ ይከበውና ጠባሳ ይሠራበታል። ጠባሳው አንዱን አንጀት ከሌላው ጋር፣ አንጀቱን ከሆድ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን አንጀቱ ይጠመዘዛል፣ ወይ ይታነቃል፣ ከዚያ ምንም አላሳልፍ ይላል። ስለዚህ ዱቄቱ ሆድ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም።"

"እንደ ልጄ ማለት ነው?" አለች ሴትዮዋ።

ጥያቄው ካፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንደጠየቀች የገባት። ክው አለች። ሐኪሟም ያን ጊዜ ነው አልጋው ላይ የተኛችውን ልጅና አልጋውን የያዘችውን እናት እያፈራረቀች ያየችው።

"ልጅዎ ናት?"

"የማህፀኔ ፍሬ፣ አንድዬ ልጄ ናት።"

ሐኪሟ ዓይኗን ሰበር አደረገች። "ከፍቼ ሳላይ ምንም አልልም። አሁን ሌላ ጓንት ከሌለ በዚሁ እንሠራለን፣ ግን ካጠለቅነው በኋላ እጃችን ላይ እንዳለ እናጥበዋለን። የጨው ውሃ ያምጡልኝ፣ ከሚቀቀለው፣ ያለውን ሁሉ። ይሮጡ!"

እናትየው ልትሮጥ ስትል አንድ ትኩስ እጅ አንጓዋን ያዛት። ልጇ ናት። ፊቷ ገርጥቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ የእናቷን መዳፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። በልጅነቷም ሲከፋት የምታደርገው ይሄንኑ ነበር።

"እጅሽ ሲሸት ደስ ይለኛል እማዬ" አለች ዓይኗን ጨፍና። "ሕፃን ሕፃን ይላል።"

እናትየው እጇን መንጭቃ አስለቀቀችና ሮጠች። ልጇን እንዲህ መንጭቃት አታውቅም።

*

ሥራዋ ቀላል ነው፣ ቢሆንም እንደሷ አድርጎ የሚሠራው የለም። አዲስ ጓንት ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል፤ በሚቀርበት ጊዜ ኦፕራሲዮን ክፍሉ የሚያድረው በእሷ እጅ ነው። ያገለገለውን ጓንት በሳሙና ታጥባለች፣ ውሃ ሞልታ ቀዳዳ እንዳለው ትፈትሻለች፣ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ሲደርቅ ውስጡንም ውጪውንም በፓውደር ታሸዋለች፣ ጥንድ ጥንዱን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ እንፋሎት ማሽኑ ትከታለች። አዲስ ሠራተኛ መጥቶ "ፓውደሩ ለምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቃት መልሷ አንድ ቃል ነው። "እንዳይጣበቅ" ትላለች፣ ጨዋታው አለቀ።

ልጇ ከሦስት ዓመት በፊት ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ እዚሁ ሆስፒታል የገባች ዕለት የመጋዘኑ ፓውደር አልቆ ነበር። ለሌላ ሰው ቢሆን እንዲሁ ባለው በተሠራ። ለልጇ ግን አንጀቷ አልቻለም። ሽርጧን ሳታወልቅ ከግቢው ወጥታ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ ከፊት ለፊቱ ሱቅ የሕፃን ሥዕል ያለበትን የሕፃናት ፓውደር ገዛች። ያችው ልጅ ጨቅላ ሳለች ከገላ ትጥበት በኋላ አንገቷ ስር፣ ብብቷ ስር የምትነሰንስላት ዓይነት ነው፣ ሽታው ራሱ አልተለወጠም። ለሽማግሌው ሐኪም የተዘጋጀውን ጓንት አንድ ጊዜ ነሰነሰችው። ከዚያ "ለልጄማ አልሰስትም" ብላ ደገመችው።

ሽማግሌው ሐኪም ከኦፕራሲዮኑ ሲወጡ "ከየት አመጣሽው ይሄንን? ቅቤ ነው እኮ!" ብለዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፓውደር አልተጠቀመችም። ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ሆድ።

አሁን የጨው ውሃውን ጠርሙሶች ታቅፋ እየሮጠች ይሄ ሁሉ ተራ በተራ ሳይሆን ባንዴ ነው የመጣባት። ጠርሙሶቹን በሩ ላይ የቆመችው ነርስ ተቀበለቻትና በሩ ተዘጋ። በሩ ላይ ፊት የምታህል ክብ መስታወት አለች። ሴትዮዋ ለዓመታት በዚያች መስታወት ፊት ስታልፍ ዞር ብላ አይታ አታውቅም ነበር፣ ዛሬ ግንባሯን ለጠፈችባት።

ሐኪሟ ጓንቱን አጥልቃ እጆቿን አንድ ትልቅ ሳህን ላይ ዘርግታለች። ነርሷ ውሃውን ከላይ ታፈስላታለች። ሐኪሟ ጣት ከጣት እያሻሸች፣ በርጥብ ጨርቅ እየጠረገች፣ እንደገና "አፍስሺ" ትላለች። ከእጇ የሚወርደው ውሃ ነጭ ነበር። ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ነርሷ ሳህኑን ደፍታ ሌላ አመጣች፤ ውሃው አሁንም ነጭ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ደብዘዝ አለ። እናትየው ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች።

ያን ዕለት፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ውሃ የሚያፈስ ሰው አልነበረም። ይሄ ሁሉ ነጭ ነገር የት ሄደ? የት እንደሄደ አሁን ታውቀዋለች።

*

የልጇ ባል ከሥራው ሳይታጠብ ነው የመጣው። ጎሚስታ ነው፤ የጎማ ጥቁረት ከጥፍሩ ስር በምንም ሳሙና አይለቅለትም። ሲያያት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስለነበር ደነገጠ።

"እማዬ! ምነው? ምን ሆነች? ይንገሩኝ!"

"ገባች። ተነሱ አትበለኝ እንጂ ደህና ነኝ።"

"ምንድን ነው አሉ?"

"አንጀቷ... አንጀቷ ተጣብቋል ነው የሚሉት።"

ሰውየው አጠገቧ ቁጭ አለ። ሲደነግጥ ብዙ የሚያወራ ሰው ነው፣ አሁንም እንደዚያው ሆነ።

"አንጀት ደግሞ ይጣበቃል እንዴ? እኔ አንዲት የውስጥ ጎማ እንድትጣበቅልኝ ስንት መከራ አያለሁ! እፍቃለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ማስቲሽ እቀባለሁ፣ ቆሜ እጠብቃለሁ። እንዲያም ሆኖ ደንበኛው በማግስቱ እየተሳደበ ይመለሳል። ሰው ሆድ ውስጥ ማን ማስቲሽ ጨመረበት?"

ጥያቄው እናትየው ላይ እንደ ጥፊ ነው ያረፈው።

እሱ ግን እሷን አላያትም፣ የተዘጋውን በር ነበር የሚያየው። "እኔ ነኝ እማዬ" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ነኝ የጎዳኋት። ትናንት ማታ አልጋው ላይ ተጠቅልላ ስታቃስት ቴሌቪዥኑን አስጮህኩት። 'እናቴ ዘንድ እንሂድ ባልኩሽ ቁጥር የሚያምሽ ሆድ ምን ዓይነት ሆድ ነው?' አልኳት። ያኔ ብወስዳት ኖሮ... ያኔውኑ ተሸክሜ ብሮጥ ኖሮ..."

እንባው መጣ። ጥቁር እጁን ዓይኑ ላይ ሲያሽ ጉንጩ ላይ መስመር ቀረ።

ሴትዮዋ ይሄንን ሰው በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ቆሽቷ እስኪያርር ትቆጣው ነበር። ዛሬ ግን በምን አፏ? ካንድም ሁለት ጊዜ "ልጅዎ ሆዴን እያለች አስቸገረችኝ፣ ሐኪሙ ሁሉ ምንም የለብሽም ይላታል" ብሎ ሲያማክራት፣ እየሳቀች የመለሰችለት ራሷ ናት። "ሆዷን አይደለም የሚያማት፣ ሆደ ባሻ ሆና ነው" ነበር ያለችው። አባባሉ እሷንም አማቿንም አስቋቸው ነበር። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ሰምታለች፣ ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ለእናቷ ስለ ሆዷ አንስታ አታውቅም።

"አንተ አይደለህም" አለችው።

"ማነው ታዲያ?"

አፏ ድረስ መጣ። እዚያው ቆመ። አንድ አፍታ፣ አንዲት አፍታ ብቻ፣ ተዪው እሱ ይሸከመው የሚል ሐሳብ መጣባት። ወጣት ነው፣ ይረሳዋል። ሚስቱ ይቅር ትለዋለች። ከዚያ የገዛ ሐሳቧ ራሷን አስደነገጣት። ይሄን ዓይነት ሰው መሆኗን አታውቅም ነበር።

"ማን እንደሆነ ሐኪሟ ትነግረናለች" አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

*

ሐኪሟ ስትወጣ መሸፈኛዋን አውርዳ ነበር። ፊቷ ሲታይ ከልጅቷ ጋር እኩያ ናት። ጎሚስታው ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ እናትየው ለመነሳት የግድግዳው እርዳታ አስፈለጋት።

"ተርፋለች" አለች ሐኪሟ፣ መጀመሪያውኑ። "ቁጭ በሉ። ተርፋለች።"

ሰውየው እልል ሊል ነው ወይ ሊያለቅስ ሳያውቅ ሁለቱንም ባንዴ ሞከረና ሳል ያዘው።

"ክር የመሰለ ጠባሳ አንጀቷን አንቆት ነበር" አለች ሐኪሟ። "አንጀቱ ጠቁሮ ነበር። ክሩን ቆረጥኩት፣ በሞቀ የጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ ሸፈንነውና ጠበቅን። ቀስ በቀስ ቀለሙ ተመለሰ። ጥቂት ሰዓት ዘግይታ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ቆርጬ ማውጣት ነበረብኝ።"

"ቀለሙ ተመለሰ!" አለ ሰውየው ለራሱ፣ ከዚያ ፊቱ ተቀያየረ። "ዳግመኛስ አይጣበቅም? በቃ አለቀ?"

"ሊጣበቅ ይችላል። በፍጹም አይመለስም የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ አትመኑት። የምንችለውን ግን አድርገናል። ዱቄቱን አጥበናል። አንጀቱን አልጎተትነውም፣ አላሸነውም፣ እንዳይደርቅ እያረጠብን ነው የሠራነው። የፈሰሰውን ደም አጥበን አውጥተናል።"

"ገባኝ" አለ ጎሚስታው ራሱን እየነቀነቀ። "እኛ እንዲጣበቅ የምናደርገውን ሁሉ እናንተ ገልብጣችሁ ሠራችሁ። የተፋቀና የደረቀ ነው የሚጣበቀው።"

ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። "ይሄን ለተማሪዎቼ ልነግራቸው ነው። ነገ ጠዋት ከአልጋ ትነሳለች።"

"ነገ?! ስፌቷስ?"

"ስፌቱን ለእኔ ተዉት። አንጀት ከኦፕራሲዮን በኋላ ይሰንፋል፤ ባለቤቱ ተነስቶ ሲራመድ ነው እሱም የሚነቃው። ኮሪደሩ ላይ እስካለው ውሃ ማጠራቀሚያ ሄዳ ትመለስ፣ ለነገ ይበቃታል።"

ሰውየው ለቤተሰቡ ሊደውል ወደ ግቢው ሮጠ። ሐኪሟ ግን አልሄደችም። እናትየውን ክንዷን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

"እትዬ፣ ጠባሳው ላይ ነጫጭ ፍሬ ነገሮች አይቻለሁ። ቆንጥሬ ለምርመራ ልኬዋለሁ።"

"ፓውደሩ ነው?"

"ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። የፈነዳ ትርፍ አንጀት ብቻውንም ያጣብቃል። ሆዱ የተከፈተ ሰው ሁሉ፣ ዱቄት ኖረ አልኖረ፣ ትንሽም ብትሆን ይጣበቅበታል። ውጤቱ ደግሞ ቶሎ አይመጣም። እስከዚያ ራስዎን በሐሳብ አይግደሉ። እዚህ ማንም አልነገረዎትም።"

"ማንም አልነገረኝም" አለች ሴትዮዋ።

እንደ ማጽናኛ የተሰጣትን ቃል ነው የደገመችው፣ ግን ስትሰማው ይበልጥ አስፈራት። ማንም ሳይነግራት ስንት ዓመት? ሽማግሌውም አያውቁም ነበር ማለት ነው? ስንት ሆድ ላይ ነሰነሰች? በምጥ መጥተው ሆዳቸው የተከፈተ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ከመኪና አደጋ የመጡ ጎረምሶች፣ አንዳንዶቹ ሲወጡ በኮሪደሩ ሲያገኟት "እግዜር ይስጥልን" ብለው እጇን የጨበጧት። ከነሱ ውስጥ ዛሬ የትኛው ነው ቤቱ ተጠቅልሎ "ሆዴን" ሲል "ሆደ ባሻ ነህ" የሚባለው?

ከሰዓት በኋላ ጓንት ወደምታጥብበት ክፍሏ ገባች። የተዘጋጁት ጥቅሎች መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል፣ ንጹሕ፣ ቀጥ ያሉ፣ የምትኮራባቸው። አንድ ባንድ ፈታቻቸውና ገንዳው ውስጥ ጨመረቻቸው። ውሃው ሲነጣ ደፋች፣ ሞላች፣ እንደገና ደፋች። በመጨረሻ የሕፃን ሥዕል ያለበትን ጣሳ አነሳች። ልትጥለው አሰበችና ቀረች፤ መደርደሪያው ላይ ብቻውን አስቀመጠችው። እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጠበች፣ ቆዳዋ እስኪጨማደድ።

*

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱ ኮሪደሩ ላይ ወጡ። ልጅቷ መሐል ናት፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ፣ አንዱ የእናቷ ክንድ ላይ። ባሏ የግሉኮሱን ዘንግ እየገፋ፣ ከፊቷ ደግሞ ምንም የሌለበትን ወለል በእግሩ እየጠረገ፣ ከኋላ ይሄዳል ከፊት ይሄዳል።

"ቀስ! ቀስ በይ! አታጎንብሺ! እንደሱ አይደለም፣ ቀና በይ!"

"ቀና ልበል ወይስ ቀስ ልበል?" አለች ልጅቷ።

"ሁለቱንም።"

"እማዬ ዝም አሰኚልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ይቅርታ ሲለኝ ነው ያደረው። ቁስሌ ሳይሽር በይቅርታ ሊገድለኝ ነው።"

ባሏ አንገቱን ደፋ። "ምን ላድርግ" አለ። "እኔ ያደረግኩት ነገር ነው። እስከምሞት አልረሳውም።"

ልጅቷ እየሳቀች ሆዷን ደገፍ አደረገች፣ ሳቅ ያማታል። ጥቂት ሄደው ቆሙ። ላብ ግንባሯ ላይ ቸፈፍ ብሏል። ያን ጊዜ ነው፣ ማንንም ሳታይ፣ የጠየቀችው።

"እማዬ፣ ሆደ ባሻ ናት ያልሽውን ታስታውሻለሽ?"

"አስታውሳለሁ" አለች እናትየው።

"የእውነቴን ነበር፣ አይደል? ሳስመስል አልነበረም።"

"የእውነትሽን ነበር ልጄ። ሁሉንም የእውነትሽን ነበር።"

"እሱን ለመስማት ነበር የፈለግኩት።" ልጅቷ ትንፋሿን ሰበሰበች። "ራሴንም መጠርጠር ጀምሬ ነበር እኮ። ምናልባት እውነትም ምንም አልሆንኩ ይሆናል እል ነበር። ከምን መጣ አሉሽ ግን?"

"ለምርመራ ልከዋል አሉ" አለ ባሏ ከእናትየው ቀድሞ። "ውጤቱ ሲመጣ ይነግሩናል። አሁን ስለሱ አታስቢ፣ ተራመጂ።"

እናትየው በዚህ ማምለጥ ትችል ነበር። ውጤቱ እስኪመጣ ልጅቷ ድና ቤቷ ትገባለች፣ ነገሩ ይቀዘቅዛል፣ ሐኪሟም "ላይሆን ይችላል" ብላለች። ማንም የሚወቅሳት የለም። አማቿ ብቻ እንደዚህ አንገቱን ደፍቶ ይቀራል።

ልጅቷ የእናቷን መዳፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ቅንድቧ ተሰበሰበ።

"እጅሽ ዛሬ አይሸትም። ምን ሆነሽ ነው?"

እናትየው ከመመለሷ በፊት የማዋለጃው ተላላኪ ከኮሪደሩ ጫፍ ተጣራ። "ፓውደር! ኧረ ፓውደር! ጓንት አድርሱልን እያሉ ነው!"

ሴትዮዋ አልዞረችም።

"ፓውደር! አትሰሚም እንዴ?"

"እማዬ፣ ይጠሩሻል" አለች ልጅቷ።

"እኔን አይደለም።"

"ታዲያ ማንን ነው? ፓውደር ሌላ ማን አለ?"

እናትየው ልጇን ክንዷን አጥብቃ ያዘቻት። የውሃ ማጠራቀሚያው ጋ ደርሰዋል፤ ሐኪሟ ያዘዘችው እስከዚህ ነበር። ባልየው የግሉኮሱን ዘንግ ወደ አልጋቸው ሊያዞር ጀመረ።

"ትንሽ ትችያለሽ?" አለቻት እናቷ። "እስከ ክፍሌ በር። እዚች ጋ ነው።"

"ዶክተሯ እስከዚህ ነው ያለችው!" አለ ባሏ።

"እችላለሁ" አለች ልጅቷ፣ የእናቷን ፊት እያየች። ያየችው ነገር ሳያስደነግጣት አልቀረም። "ምን አለ እዚያ?"

"የማሳይሽ ነገር አለ። ውጤቱ እስኪመጣ አልጠብቅም።"

ቀስ እያሉ ደረሱ። እናትየው ቁልፉን ከሽርጧ ኪስ አወጣች፤ በሩ ቶሎ አልከፈት አላት። ሲከፈት ገመዱ ላይ የተሰጡት ጓንቶች እየተንጠባጠቡ ታዩ፣ ከነሱ ኋላ ባዶው መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ የሕፃን ሥዕል ያለበት ጣሳ። ልጇን በርጩማው ላይ አስቀመጠቻትና ዘወር አለች። ባልየው እንደ እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር።

"አንተም ግባ" አለችው። "አንተንም ይመለከትሃል።"